ግብር ሰብሳቢውን ማስከፋት

ጥር 28

ፈተና አለቀ። ልብስ ሳጥብ ዋልኩ። የካልሲዬ አንድ እግር ጠፋ... ሁሌ አንዱ ነው የሚጠፋው። ሁለቱም ተያይዘው ቢጠፉ ምናለ?

ከሰዓት እናቴ ደወለች። "መቼ ነው የምትመጪው?" አልመጣም አልኳት። በጎ ፈቃድ ተመዝግቤያለሁ፣ እረፍቱን ፓርክ ውስጥ ነው የማሳልፈው። እሷም፦

"አውሬ ጋ?"

"አውሬ ጋ።"

"ቤት ውስጥ ወንድምሽ አለልሽ አይደል እንዴ፣ ምን ሩቅ አስኬደሽ?"

ሳቄ አመለጠኝ። እሷም ሳቀች። ግን ቅር ብሏታል፣ ድምጿ ያስታውቃል።

አብራኝ የምትኖረው ሬዲዮም ትሄዳለች። ሬዲዮ ያልናት ስለማትዘጋ ነው። "አጋዘን አቅፌ ፎቶ ካልተነሳሁ ሰው አይደለሁም" እያለች ነው። ስቄባታለሁ፣ ግን እኔስ ከሷ በምን እሻላለሁ? ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ የዱር እንስሳ ከሰው ሁሉ እኔን መርጦ እንዲመጣ እመኛለሁ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ጥር 30

ደረስን! መንገዱ አንጀቴን ከቦታው አናውጦታል። ማደሪያችን በቆርቆሮ የተከደነ ረጅም ክፍል ነው። ተደራራቢ አልጋ፣ አንድ መስኮት፣ በሩ ላይ የተንጠለጠለ መስታወት። እኔ ላይ፣ ሬዲዮ ታች። በመስኮቱ ሐይቁ ይታያል። ሐይቁ!

የተቀበሉን የፓርኩ ጠባቂ ናቸው። ግዙፍ ሰው፣ ጢማቸው ቀድሟቸው ነው የሚመጣው። ሻንጣችንን ሳናወርድ ጋሼ ጢሙ ብለን ጨረስን። ምግብ የሚያበስሉልን ሴትዮ ደግሞ እትዬ ጭልፋ ይባላሉ። ይህን ስም እኛ አይደለንም ያወጣነው፣ ከድሮም እንዲሁ ነው የሚጠሯቸው። በቃኝ ማለት አይቻልም። ሳህን ላይ እጅሽን ብትጋርጂ በእጅሽ ላይ ይጨልፋሉ።

ሥራ ተደለደለ። አብረውን የመጡት ወንዶች የእግር መንገድ ጥገና። ሌሎቹ ችግኝ። እኔና ሬዲዮ ጎብኚዎች ድንኳን የሚተክሉበትን ቦታ ማጽዳት። ሬዲዮ አኮረፈች። "ጽዳትማ ዶርምም ነበረልኝ!"

ምሳ ሰዓት ላይ ነው ጉዱ። ሙዜን ይዤ ዛፍ ሥር ቁጭ እንዳልኩ አንድ ነገር አጠገቤ ቁጭ አለ። ጦጣ! ወጣት ወንድ፣ የአንድ ጆሮው ጫፍ የተቆረጠ። ዓይን ዓይኔን አየኝ። ከዚያ መዳፉን ዘረጋ። አይለምንም፣ እንደሚገባው ሰው ነው የዘረጋው። ሙዙን ከፍዬ ሰጠሁት። ጣቶቹ ጣቴን ነኩኝ... ቀዝቃዛ፣ ለስላሳ፣ የሕፃን እጅ። ልቤ ከደስታ ልትቆም ነበር።

ቀና ስል ጋሼ ጢሙ ቆመው ያዩኛል። ከኋላዬ ያለውን ሰሌዳ በአገጫቸው አሳዩኝ። ለካ ተደግፌው ነው የተቀመጥኩት። "እንስሳትን መመገብ በጥብቅ የተከለከለ ነው።"

ወይ መሬት! ምናለ ተከፍተሽ ብትውጪኝ?

የካቲት 1

የፓርኩ የእንስሳት ሐኪም ጠራችኝ። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አትርቅ፣ ግን ሁሉም "ዶክተር" ሲሏት ቀጥ ብለው ነው። ትጮህብኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አልጮኸችም... ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ጦጣው ስም አለው። ግብር ሰብሳቢው። እዚህ የረገጠ ሁሉ ሳይከፍለው አያልፍማ። በመዳፍ ካልሆነ በጥርስ ይቀበላል። በቅርቡ አንድ ሕፃን ብስኩቴን አልሰጥም ሲለው እጁን ነከሰው። ወላጆቹ አቤት አሉ፣ የፓርኩ ኃላፊም ወሰኑ። ጎብኚ የሚበዛበት ወቅት ከመግባቱ በፊት ጦጣው ከሰው እጅ ካልራቀ ይያዛል። በፍርግርግ ብረት ሳጥን ከተማ ወዳለው የእንስሳት ማቆያ ይወሰዳል።

"ከዚያስ? ይመልሱታል አይደል?"

"የገባ አይወጣም" አለች።

ሌላም ነገረችኝ። ከሰው እጅ መብላት ከለመደ ወዲህ ከመንጋው ተለይቷል። የሚቀምለው የለም። ሲጮህ ዞሮ የሚያየው ዘመድ የለም። እኔ ደግሞ መርጦኝ የመጣ መስሎኝ... ሌላ መሄጃ የለውም ነበር።

"እና ምን ላድርግ?"

"ክፉ ሁኚበት።"

"እኔ?"

"አንቺም፣ ጓደኞችሽም፣ ሁላችሁም። አንድ ሰው ብቻ ቢያባርረው ያንን ሰው ይፈራል። ያገኘው ሰው ሁሉ ቢያባርረው ግን ሰውን ይፈራል። መሃል ላይ አንድ የሚያበላው ከተገኘ በቃ፣ ልፋታችን ሁሉ ገደል ገባ።"

እንስሳ ልወድ መጥቼ ሥራዬ መጠላት ሆኖ አረፈው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

የካቲት 2

ዛሬ የክፋት ትምህርት ነበር። ሆዴን እስካሁን ያመኛል፣ በሳቅ።

ጋሼ ጢሙ ጦጣውን ሆነው ተወኑልን። ያ ሁሉ ቁመና፣ ያ ሁሉ ጢም፣ በእጅ በእግራቸው እየዳኹ ወደ ጠረጴዛው መጡ። ዓይናቸውን አስለመለሙ። መዳፋቸውን ዘረጉ። የእኛ ሥራ በአንድ ጊዜ ብድግ ማለት፣ መጮህ፣ ጠጠር የጨመርንበትን ቆርቆሮ ማንኳኳት፣ ውሃ መርጨት ነው። መምታት የለም። ድንጋይ የለም። ሳቅም የለም!

"ከሳቃችሁ ጨዋታ ይመስለዋል" አለች ዶክተሯ።

ሬዲዮ ሳቀች። "እንደገና!" አሁንም ሳቀች። "እንደገና!" መጨረሻ ላይ ጋሼ ጢሙ ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉ።

"ልጆቼ፣ ጡረታዬ ደርሷል። በእናታችሁ አባሩኝ።"

ከዚያ ወዲያ ማን ይስራ? ዶክተሯ ራሷ ፊቷን አዙራ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አይቻታለሁ።

የካቲት 3

መጣ። ቁርስ ላይ።

ቆርቆሮዬን አንስቼ "ሂድ! ጥፋ!" አልኩት። ድምፄ "እባክህ ግባ" ነው የሚመስለው። ቁጭ ብሎ ታዘበኝ። ከዚያ ያችን መዳፍ ዘረጋት። ውሃ ረጨሁበት። ፊቱን ጠረገ፣ ደግሞ ዘረጋ። ወይ አምላኬ።

ሬዲዮ ዳቦዋን ደብቃ ሳሙናዋን ረስታ ኖሯል። ላፍ አድርጎ ዛፍ ላይ! ገመጠው። ወዲያው አረፋ በአፉ፣ አረፋ በአፍንጫው... እየተፋ እያስነጠሰ ሬዲዮን በጥያቄ ያያታል። መሬት ላይ ተንከባለለች። ሳቅ ክልክል ነው የተባለውን ማን ያስታውስ! እኔም ተንከባለልኩ።

ዛሬ ግብር ሰብሳቢው አሸንፏል።

የካቲት 5

ዛሬም መጣ፣ ዛሬም አባረርኩት። ለእራት ስቀመጥ ገና ሳልጀምር በቃኝ አልኩ። እትዬ ጭልፋ ግን መች ሰሙኝ፣ ደርበው ጨለፉልኝ።

የካቲት 6

እናቴ ስትደውል አለቀስኩባት። ለጦጣ! ትስቅብኛለች ብዬ ነበር።

"አንቺን ጡት ሳስጥል" አለች፣ "ጡቴን እሬት ቀባሁት። ቀመስሽው፣ ፊትሽን አጨማደድሽ፣ ከዚያ ቀና ብለሽ አየሽኝ። ያ አስተያየትሽ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም። አንቺ ሳሎን ታለቅሻለሽ፣ እኔ ጓዳ ገብቼ አለቅሳለሁ። አባትሽ መሃል ላይ ቆሞ ማናችንን እንደሚያባብል ግራ ገብቶት።"

"እንዲህ ካዘንሽ ለምን አልተውሽውም?"

"ታዲያ ጡት እየጠባሽ ዩኒቨርሲቲ ልትገቢ ኖሯል?"

አልቅሼ ሳልጨርስ ሳቅኩ። ይህች ሴት እኮ!

ግን አሰብኩበት። ጓዳ ገብታ ማልቀሷን ዛሬ ነው የነገረችኝ።

የካቲት 7

የሆነ ነገር አለ። ሁላችንም እናባርረዋለን፣ ምንም አልሰጠነውም፣ እሱ ግን ሆዱ ነፋ ብሏል። ምሳ ላይ እንኳ መዳፉን ለደንቡ ያህል ነው የዘረጋው። ሬዲዮ ናት ያየችው። "ጢሙ ላይ ድንች አለ!"

ተከተልነው። ወጥ ቤቱ ጀርባ። እትዬ ጭልፋ በሩ ላይ ተቀምጠው የተቀቀለ ድንች እየቆረሱ ያጎርሱታል። "እንካ የኔ ጌታ። ሲጮኹብህ ዋሉ አይደል? እንካ።"

"እትዬ! ምን እያደረጉ ነው?"

"ምን አደረግኩ? ልጁን አስደንግጣችሁት። የተዘረጋ እጅ እንዴት ተደርጎ ይመለሳል?"

"ክልክል እኮ ነው፣ ሰሌዳው—"

"ሰሌዳው ለጎብኚ ነው። እኔ ጎብኚ ነኝ?"

በክፋት ትምህርቱ ቀን የእኛን ምሳ ሲሠሩ ነበር፣ ለሳቸው የነገራቸው የለም። አሁን ማን ይንገር? እናቴን የሚያህሉ፣ እንዲያውም የሚበልጡ ሴት... በስንቱ ሳህን የኔን በቃኝ ሳይሰሙ ያጠገቡኝ። ሬዲዮን በክንዷ ስቤ ተመለስን።

ለዶክተሯ ብነግራት? ማሳጣት ይሆንብኛል። ዝም ብል? ሳጥኑ... አይ፣ ነገ ራሴ እነግራቸዋለሁ።

የካቲት 8

ወጥ ቤት ገባሁ። ቢላ ወስጄ አብሬ ድንች መላጥ ጀመርኩ። ብዙ ላጥን። ከዚያ እንደምንም ብዬ ነገርኳቸው። ስለ ሳጥኑ፣ ስለ ከተማው፣ የገባ እንደማይወጣ።

ቢላቸው ቆመ።

"መናከሱን ሰምቻለሁ። ይህን አልሰማሁም።"

"የሚሰጠው አንድ ሰው እንኳ ካለ አይተወንም አለች ዶክተር።"

"ታዲያ እኔ ነኝ የማሳስረው?"

"እኔም እኮ ሙዝ ሰጥቼዋለሁ፣ እትዬ።"

"አንቺ አንዴ ነው። እኔ እኮ እንዲህ ሳለ ጀምሬ ነው" አሉና እጃቸውን ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርገው አሳዩኝ። ቁመቱን። ምን ልበል? የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባላል፣ ግን የሳቸው ልማድ መስጠት ነው...

ተነሱ። እጃቸውን ታጠቡ። የትልቁን ድስት ክዳን በግራ፣ ጭልፋውን በቀኝ። ወጡ። እሱ በሩ አጠገብ ካለው የውሃ በርሜል ላይ ሆኖ እንደ ሁልጊዜው ይጠብቃል፣ መዳፉን ገና ሲያያቸው ዘረጋ።

"ውጣ! ውጣልኝ ከደጄ!! ሁለተኛ እንዳላይህ!"

ክዳኑ ሲጮህ እኔም አብሬ ዘለልኩ። እንዲያ ያለ ድምፅ ከሳቸው ይወጣል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩ። ጦጣው ከውሃው በርሜል ላይ ተንሸራቶ ወደቀ፣ ተነሳ፣ አንዴ ዞሮ አያቸው... ከዚያ እግሬ አውጪኝ።

ተመልሰው ተቀመጡ። ዓይናቸው ይፈስሳል።

"ይሄ ሽንኩርት" አሉኝ።

ድንች ነበር የምንልጠው። "አዎ እትዬ፣ ኃይለኛ ነው" አልኩ።

የካቲት 10

ጥሩ ቀን! በጣም ጥሩ ቀን!

እትዬ ጭልፋ ከሁላችንም ብሰው ቁጭ አሉ። ቅጠል ኮሽ ባለ ቁጥር ክዳኑን ይዘው ይወጣሉ። ትናንት ጋሼ ጢሙ ሻይ ሊጠይቁ በጓሮ ቢመጡ ጭልፋው ለጥቂት ሳታቸው። "ጢሙን ሳይ ምን ላድርግ!" ብለው ተከራከሩ።

ሬዲዮም እንጀራዋን አገኘች። መግቢያው በር ላይ ቆማ የሚመጣውን መኪና ሁሉ ታስቆማለች። ስለ ጦጣው፣ ስለ ሳጥኑ፣ ስለ ሳሙናው... መስኮት ዘግቶ የሚያመልጣት የለም። አንድ አባት "ገባን፣ ገባን፣ እባክሽ አሳልፊን" ሲላት ሰማሁ።

ወንዶቹ የእግር መንገዱን የድንጋይ ደረጃ ጨርሰዋል። ሮጠን ወጣን፣ ሮጠን ወረድን። ከላይ ሐይቁ ሙሉውን ይታያል።

ዋናው ግን ይሄ አይደለም። ከሰዓት ግብር ሰብሳቢው አንድ ትልቅ ሾላ ዛፍ ሥር ታየ። መንጋው ዛፉ ላይ ሆኖ ይበላል። ጠጋ ሲል አንድ ትልቅ ወንድ ጥርሱን አሳየው። ፈቀቅ አለ። ግን አልሄደም፣ ወደ እኛም አልመጣም። ዙሪያውን ሲያይ ቆይቶ መሬት ላይ የወደቀ ሾላ አነሳ። አሸተተው። በላው። በገዛ እጁ ለቅሞ!

ዶክተሯ ክንዴን ጨምድዳ ይዛኝ ነበር። አሁን ሳየው ቀልቷል።

የካቲት 12

ኃላፊው ነገ ራሳቸው መጥተው ሊያዩ ነው። ጦጣውን የሚወስደው ፒካፕ መኪና ዛሬውኑ መጣ። ሳጥኑ ከኋላው ላይ ተጭኗል። ዞር ብዬ አየሁት፣ መዝጊያውን ነካሁት። ጠባብ ነው።

ነገ ጠረጴዛ ላይ ዳቦ ይቀመጣል፣ አጠገቡ አንድ ሰው። ቆርቆሮ የለም፣ ውሃ የለም፣ ግርግር የለም። አንድ ሰውና ድምፁ ብቻ፤ ዳቦውን ትቶ ከሸሸ ይተርፋል።

"አንቺ ትቀመጫለሽ" አለችኝ ዶክተሯ። "ለምን እኔ?" "ከእጅሽ በልቷል። ጣዕምሽን ያውቀዋል። ካንቺ ከሸሸ ከሌላውም ይሸሻል።"

ሬዲዮ ዛሬ ማታ ዝም ብላለች። ያስፈራል።

የካቲት 13

ቀኑ ደረሰ።

ኃላፊው ዛፍ ተደግፈው ቆሙ። ሁሉም ራቅ ብሎ። እኔና ዳቦው ብቻ። ነፋስ የለም።

መጣ። ከሾላው ወረደ፣ ሣሩን አቋርጦ፣ ቆም እያለ። ሂድ፣ ሂድ፣ ሂድ እላለሁ በልቤ። የጠረጴዛው ጫፍ ላይ ወጣ። ዳቦውን አላየም። እኔን ነው ያየኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እንደዚያን ቀን፣ መዳፉን ዘረጋ።

ያን ጊዜ ምን እንደተሰማኝ እንዴት ልጻፈው? ከልጅነቴ የተመኘሁት ፊቴ ተቀምጧል። እጄን ባነሳ ይነካኛል።

ብድግ አልኩ።

"ሂድ!!"

ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ ጮህኩ። ዓይኑ ፈጠጠ፣ እጁን ሰበሰበ... በጠረጴዛው፣ በሣሩ፣ በግንዱ፣ ላይ! ዳቦው እንደተቀመጠ ነው። አንድ ፍርፋሪ አልጎደለም።

ኃላፊው መጥተው ዳቦውን አገላብጠው አዩት። ከዚያ ለሾፌሩ፦ "ሳጥኑን መልሰው።" ዞረውም፦ "ግን አንድ ሰው እንኳ ካበላው—"

"እኔ የት ሄጄ?" አሉ እትዬ ጭልፋ፣ ጭልፋቸውን እንደያዙ። ኃላፊው አንድ እርምጃ ወደኋላ አሉ። እውነቴን ነው።

ፒካፑ ባዶ ሳጥኑን እያንቋቋ ሲሄድ ጩኸታችን! ጋሼ ጢሙ ዶክተሯን ከመሬት አንስተው አሽከረከሯት። እትዬ ጭልፋ እልልታውን አቀለጡት። ሬዲዮ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ታለቅሳለች፣ እያለቀሰችም ታወራለች። እኔ ቆሜ እስቃለሁ። እጄን አየሁት። ባዶ። ትንሽ አመመኝ፣ አልዋሽም። ግን ደስ ብሎኛል፣ በጣም ደስ ብሎኛል።

የካቲት 15

አውቶቡሱ ቆሟል። ሻንጣዬን ጭኛለሁ። ይህን የምጽፈው ሾላው በሚታይበት የድንጋይ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ ነው፣ ሳልረሳው።

ልሰናበተው ሄድኩ። ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ። ማንን ነው የምሰናበተው? ግን ሄድኩ።

መንጋው ከሾላው ሥር መሬት ላይ ተበትኖ ይለቅማል። እናቶች፣ ግልገሎች፣ ያ ጥርሱን ያሳየው ትልቁ ወንድ። እሱ ዳር ላይ ነው፣ ግን ከነሱው ጋር። ከዛፍ ጀርባ ብቅ ስል መጀመሪያ ያየኝ እሱ ነው። ሌሎቹ አላዩኝም።

ቆመ። እኔም ቆምኩ። ሁለቱ እጆቼ ባዶ።

ከዚያ ጮኸ። እንዲያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም፣ ዶክተሯ ግን ነግራናለች፤ ነብር ሲመጣ የሚጮኹት ነው። ነብሯ እኔ ነኝ! መንጋው በሙሉ ቀና አለ። ወደሱ አየ፣ ወደ እኔ አየ። ከዚያ እናት ልጇን በሆዷ አንጠልጥላ፣ ግልገሉ፣ ትልቁ ወንድ ሳይቀር... ሁሉም በሱ ጩኸት ግንዱን ይዘው ሽቅብ ተመሙ። መጨረሻ የወጣው እሱ ነው።

ሰሙት! ጮኸ፣ ሰሙት!

ቀና ብዬ ቅርንጫፎቹን ስፈልግ ቆየሁ። ልጇን ያቀፈችው እናት አጠገቡ ሄዳ ተቀመጠች። ወደ እኔ ገላመጠች። ከዚያ እጇን አነሳችና ያንን የተቆረጠ ጆሮውን ገለጥ አድርጋ ትቀምለው ጀመር። እሱ ዓይኑን ጨፈነ።

እንባዬ እየወረደ ስስቅ ሬዲዮ ደረሰች። "ምን ሆንሽ? ተሰናበተሽ?"

"ሸሸኝ! አየኝና ዘመዶቹን ይዞ ሸሸኝ!"

"እሰይ!" ብላ አቀፈችኝ። ለአንድ አፍታ ሌላ ምንም አላለችም።

አውቶቡሱ ጥሩምባውን ይነፋል። ይንፋ። ትንሽ ልያቸው።